የግሩፕ አድሚን ልሁን ወይስ ይቅርብኝ ላልሽው

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ላላየው ሰው ባጭሩ ልድገመው፦ የደሴና የኮምቦልቻ ሰው የሚገናኝበት፣ ወደ ስምንት ሺህ አባል ያለው የቴሌግራም ግሩፕ «በነፃ የምታግዘን አድሚን ሁኚ» ብሎሻል። ማታ ማታ ጊዜ አለሽ። ሥራው ምን እንደሆነና ምን ጣጣ እንዳለው ማወቅ ፈልገሻል።

ግቢበት እላለሁ። ደህና አድሚን ያለው ግሩፕ ለከተማችን ትልቅ ነገር ነው። ደም የሚፈለግለት በሽተኛ፣ የጠፋ ልጅ፣ የሚከራይ ቤት፣ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለው ሐረጎ ዳገት ላይ የወረደው ጭጋግ፣ ሁሉም የሚነገረው እዚያ ነው። ግን አድሚንን አማርሮ የሚያስወጣው የመልእክቱ ብዛት አይደለም። «የእኔን አጥፍተሽ የእከሌን ለምን ተውሽ?» የሚለው ጥያቄ ነው። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚኖርሽ ደንቡ አስቀድሞ ተጽፎ ከተቀመጠና ብቻሽን ካልወሰንሽ ነው። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ወደዚህ ይመለሳል።

እሺ ከማለትሽ በፊት ባለቤቱን ጥቂት ነገር ጠይቂው። ግሩፑ የተከፈተበት ስልክ ቁጥር የማን ነው? ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን፣ ማለትም ከመግቢያ ኮዱ በተጨማሪ የሚጠየቀውን የይለፍ ቃል፣ አብርቷል ወይ? ባለቤትነት ለሌላ ሰው የሚተላለፈው ይህ የይለፍ ቃል ከተበራ ቢያንስ 7 ቀን ሲሞላው ነው፤ ሲሙ ከጠፋ ወይም አካውንቱ ከተጠለፈ በኋላ ማሰብ ዋጋ የለውም። ስንት አድሚን አለ? ለስምንት ሺህ ሰው ከአምስት ባያንስ ጥሩ ነው፤ ሁለት ብቻ ከሆናችሁ እንቅልፍ የላችሁም። ደግሞ ማስታወቂያ በገንዘብ ይለጠፋል ወይ? የሚለጠፍ ከሆነ ብሩ የት እንደሚሄድ በግልጽ ይነገርሽ። ቀላል ነገር አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ኤኦኤል የተባለው ኩባንያ የውይይት ክፍሎቹን በነፃ ሲያስተናግዱለት በነበሩ በጎ ፈቃደኞች እ.ኤ.አ. በ1999 ተከሶ፣ በ2010 ጉዳዩ በ15 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ነው ያለቀው። ነፃ አገልግሎት ከሆነ ለሁሉም ነፃ ይሁን፤ ገቢ ካለ ደግሞ ከመጀመሪያው ይታወቅ።

ሥልጣን ሲሰጡሽ ሁሉንም አትቀበዪ። ለመጀመሪያው ወር መልእክት ማጥፋት፣ አባል ማገድና ፒን ማድረግ (መልእክትን ግሩፑ አናት ላይ መሰካት) ይበቃሻል። አዲስ አድሚን መጨመርና የግሩፑን ስምና ፎቶ መቀየር ባለቤቱ ጋ ይቆዩ፤ የአንድ አድሚን ስልክ ቢሰረቅ ሌባው ግሩፑን ጠቅልሎ እንዳይወስደው። ያንቺም አካውንት ላይ ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን ዛሬውኑ አብሪ። በኤስኤምኤስ የሚመጣልሽን የመግቢያ ኮድ ለማንም፣ «ከቴሌግራም ነው የምንደውለው» ለሚልሽም ቢሆን አትስጪ። አድሚን ከሆንሽ በኋላ ይህ ሙከራ ይበዛብሻል።

ደንቡ ላይ ጊዜ አጥፉ። «ጨዋነት ይጠበቅ» የሚል ደንብ ምንም አይሠራም፤ አንዱ ጨዋነት የሚለውን ሌላው አፈና ይለዋል። ማንም አይቶ «ይኼ ተጥሷል» ወይም «አልተጣሰም» ሊል የሚችለው ይሁን። የሰው ስልክ፣ ፎቶና አድራሻ ያለፈቃዱ አይለጠፍም። ብሔርን ወይም ሃይማኖትን የሚሰድብ ቃል ይነሳል። የንግድ ማስታወቂያ በተወሰነ ቀን ብቻ። ምንጩ ያልታወቀ የተላለፈ ዜና ይነሳል። ከሰባት ስምንት መስመር አይብለጥ፤ ቁጥር ስጡት፤ ፒን አድርጉት። ሃይማኖትን በተመለከተ መስመሩን በደንብ አስምሩ፦ የበዓል መልካም ምኞት፣ የመውሊድና የጥምቀት ፕሮግራም ማስታወቂያ፣ የለቅሶ መልእክት ይፈቀድ፤ ክርክር ግን የትኛውም ወገን ቢጀምረው ሙሉው ይነሳ። በአንድ ቤት እስላምም ክርስቲያንም ባለበት በወሎ፣ «ማን ጀመረ?» ብሎ መቁጠር ውስጥ የገባ አድሚን በሁለቱም ወገን ይጠላል።

ደግሞ ኮምቦልቻና አካባቢው ላይ በአፋን ኦሮሞ፣ አንዳንዴም በአረብኛ የሚጽፍ አለ። በማታውቂው ቋንቋ የተጻፈን በማሽን ትርጉም ብቻ አታጥፊ። ማሽኑ ቀልድና ተረት አያውቅም፤ ስድቡንም ያልፈዋል። ቋንቋውን የሚያውቅ አንድ አድሚን ፈልጉ፤ እስኪገኝ የሚታመን አባል ጠይቁ።

አንድ ሰው ደንብ ሲጥስ ደረጃ ይኑረው። መጀመሪያ መልእክቱን ማንሳትና ምክንያቱን በውስጥ መንገር። ቀጥሎ የ24 ሰዓት ሚዩት፣ ማለትም እንዳይጽፍ መከልከል። ከዚያ የሳምንት። በአራተኛው መውጣት። በውስጥ የምትልኪው መልእክት እንዲህ ቢሆን ጥሩ ነው፦ «ሰላም ወንድማችን። ማታ 2:40 ላይ የለጠፍከው መልእክት የአንዲት ሴት ስልክ ቁጥር ስላለበት በደንብ ቁጥር 3 ተነስቷል። ቁጥሩን አውጥተህ ሐሳቡን መልሰህ መለጠፍ ትችላለህ። ቅሬታ ካለህ እዚህ ጻፍልን፤ ሌላ አድሚን ያየዋል።» ልብ በይ፣ «ባለጌ ነህ» አይልም፤ የተጣሰውን መስመር ይጠራል፣ የሚመለስበትን መንገድም ያሳያል። ያለምንም ቃል የጠፋበት ሰው ግን ያንኑ መልእክት አምስት ጊዜ ይመልሰዋል፣ ከዚያ አድሚኖቹን መሳደብ ይጀምራል፣ አንዱ ጥፋት አሥር ይሆናል። ይህን ሁሉ ከግል አካውንትሽ አትላኪው። የአባላትን መልእክት ተቀብሎ ለአድሚኖች ሁሉ የሚያደርስ ቦት (በራሱ የሚሠራ አካውንት) ክፈቱ፤ አለዚያ የውስጥ መልእክትሽ ቤተሰብሽ የማይገኝበት ገበያ ይሆናል።

ደረጃ የማይጠበቅላቸውም አሉ። ግደሉ፣ አቃጥሉ፣ አባሩ የሚል ጥሪ፣ የሰው እርቃን ፎቶ፣ ልጅን የሚጎዳ ነገር፣ ግልጽ ማጭበርበር፣ «ቤቱን አውቀዋለሁ» የሚል ዛቻ፤ እነዚህ ሲታዩ ወዲያው ማገድ ነው። ከማጥፋትሽ በፊት ግን ዛቻውንና ማጭበርበሩን ስክሪንሾት አንሺ። እርቃን ፎቶንና ልጅን የሚጎዳ ምስልን ስልክሽ ላይ አታስቀምጪ፤ እዚያው ለቴሌግራም ሪፖርት አድርገሽ አጥፊው። ቴሌግራም ሪሰንት አክሽንስ በሚለው ቦታ የጠፋ መልእክትን ለአድሚኖች የሚያሳየው ለ48 ሰዓት ብቻ ነው። የተዛተበት ሰው በሦስተኛው ቀን «ፖሊስ ጋ ልሂድ፣ ማስረጃ ስጡኝ» ቢል የምትሰጪው ነገር የለሽም።

ለዚሁ ነው መዝገብ የሚያስፈልገው። አድሚኖች ብቻ ያሉበት ሌላ ትንሽ ግሩፕ ክፈቱና እያንዳንዱን እገዳ በአንድ መስመር ጻፉ፦ ቀን፣ የአባሉ መለያ ቁጥር፣ የደንብ ቁጥር፣ የተወሰደው እርምጃ፣ የወሰኑት ሁለት አድሚኖች። ስሙን ሳይሆን መለያ ቁጥሩን መጻፍ ለምን አስፈለገ? ስምና ዩዘርኔም በደቂቃ ይቀየራል፤ የአካውንቱ መለያ ቁጥር ግን አይቀየርም። እንደ ሮዝ ያሉ የግሩፕ ቦቶች ቁጥሩን ያሳዩሻል።

አማላጅ ይመጣብሻል። ይህን ከቴሌግራም መመሪያ ላይ አታገኚውም፤ እኛ ጋ ግን ከሥራው ሁሉ ከባዱ እሱ ነው። የታገደው ሰው አጎትሽን ያውቃል፣ ወይ የእናትሽ ጽዋ ማኅበርተኛ ልጅ ነው፣ ወይ ፒያሳ ላይ አግኝቶሽ «እስቲ በሞቴ ፍቺልኝ» ይልሻል። እምቢ ማለት ነውር ይመስላል፤ እሺ ካልሽ ደግሞ በሳምንቱ አሥር አማላጅ ይሰለፋል። መፍትሔው የመወሰን ሥልጣኑ አንቺ እጅ አለመሆኑ ነው፦ ያገደ አድሚን ራሱ አይፈታም፣ ቅሬታ በቦቱ በኩል በጽሑፍ ብቻ ይቀርባል፣ የሚያየውም ሌላ አድሚን ነው። ይህ ደንቡ ላይ ከተጻፈ «እኔ አልፈታም ጋሼ፣ ደንቡ አይፈቅድልኝም፤ በቦቱ ይጻፍና ሌሎቹ ያዩታል» ትያለሽ፤ አክብሮቱም አይጎድል፣ በሩም አይዘጋ። ውሳኔን ማንነትን በሚሸፍነው የአድሚን አማራጭ፣ በግሩፑ ስም መለጠፍም ይረዳል።

ወሬ የሚነሳው አብዛኛውን ጊዜ ማታ ነው። «ሐረጎ ላይ መንገድ ተዘጋ» የሚል መልእክት መጣ እንበል። ወዲያው አታጥፊው፤ እውነት ከሆነ ገደል አፋፍ ላይ ያለን መኪና ሊያድን ይችላል። ወዲያውም አታጽድቂው። ለጣፊውን ሦስት ነገር ጠይቂ፦ በዓይንህ አይተሃል? በስንት ሰዓት? የቱ ጋ? በዚያው ደቂቃ ስሎው ሞድን 5 ደቂቃ ላይ አድርጊው፤ አንድ ሰው በ5 ደቂቃ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲጽፍ። ፎቶና ቪዲዮ መላክን ለጊዜው ዝጊ። ከዚያ «መንገዱን በተመለከተ ያልተረጋገጠ ወሬ አለ፤ እየጠየቅን ነው፤ 3:15» ብለሽ ፒን አድርጊ። ሰዓቱን መጻፍ አትርሺ፤ ሰዓት የሌለው ማሳሰቢያ ነገ ጠዋት ራሱ ወሬ ይሆናል። መናኸሪያ ያለ ተራ አስከባሪ ወይም መንገድ ላይ ያለ ሾፌር ጋ ደውይ፤ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች አንድ ነገር ካሉሽ ፒኑን አድሺው። ፎቶ ከመጣ በምስል ፍለጋ እዪው፤ ያለፈ ክረምት የመሬት መንሸራተት ፎቶ በየዓመቱ እንደ አዲስ ይዞራል። በቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከ ምስል የተነሳበትን ቀንና ቦታ ይዞ ስለማይመጣ፣ «ዋናውን በፋይል ላክልኝ» ማለት አንዳንዴ ነገሩን እዚያው ይቋጨዋል።

የጦር ኃይል የት እንዳለ፣ ወዴት እንደተንቀሳቀሰ የሚናገር መልእክት ግን፣ እውነትም ይሁን ሐሰት፣ ይነሳ። ለጣፊውንም እዚያ አካባቢ ያለውንም ሰው አደጋ ላይ ይጥላል። በጥቅምት 2014 በወሬና በእውነት መካከል ልጁን አዝሎ የወጣ ሰው ያለበት ከተማ ነው፤ ይህን ማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልገውም።

ለቀላሉ ጎርፍ ቀላል ዘዴ አለ። መብራት ሲጠፋ «እናንተ ጋ አለ?» የሚለው ሌላውን ሁሉ ይሸፍነዋል። ሆጤ፣ ሸዋ በር፣ ቧንቧ ውሃ፣ ሰኞ ገበያ እያልሽ አንድ የድምፅ መስጫ ፒን አድርጊ፤ ሰው ሰፈሩን ነክቶ ያልፋል።

ማጭበርበሩ የታወቀ መልክ አለው። ሳይታይ ቀብድ የሚጠየቅበት ቤት፤ ኢንዱስትሪ ፓርክ እናስቀጥራለን ብሎ የምዝገባ ብር የሚሰበስብ፤ ወደ ዓረብ አገር በፍጥነት እንልካለን የሚል ደላላ። የመጨረሻው ለወሎ ልጆች የሕይወት ጉዳይ ነው። ለውጭ አገር ሥራ የሚመለምል ኤጀንሲ ከሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፤ የፈቃድ ቁጥሩንና ቢሮውን ካልጻፈ አንድም ደቂቃ አይቆይ። የቴሌብር ስክሪንሾት ክፍያ ለመፈጸሙ ማረጋገጫ እንዳልሆነ፣ ሻጭ በራሱ ስልክ ብሩ መግባቱን ማየት እንዳለበት በየጊዜው አስታውሱ። ያንቺን ስምና ፎቶ ወስዶ፣ ዩዘርኔሙ ላይ አንድ ፊደል ቀይሮ «አድሚን ነኝ» እያለ አዲስ አባል የሚያነጋግርም ይመጣል። የአድሚኖችን ዝርዝር ፒን አድርጉ፤ ከሥሩ «አድሚን ገንዘብ አይጠይቅም» የሚል ይኑረው።

የሕክምና እርዳታ ጥሪ ሲመጣ ልብ ይሰብራል፤ መጣደፉም ከዚያ ይመጣል። የሆስፒታሉን የሪፈር ወረቀት፣ የሂሳቡ ባለቤት ስም ከታማሚው ወይም ከቅርብ ዘመዱ ጋር መግጠሙን፣ አንድ የሰፈሩን ሰው ወይም የእድሩን ሰብሳቢ በስልክ አረጋግጡ። በአድሚን ሂሳብ ምንም ብር እንዳይገባ፤ ለአንድ ቀንም ቢሆን። የታማሚው መታወቂያና የምርመራ ውጤት ተሸፍኖ ይለጠፍ። ደም ለሚፈለግለት የሆስፒታሉ ስም፣ የደም ዓይነትና አንድ ስልክ ይበቃል፤ ሲገኝ ደግሞ ማስታወቂያው ይነሳ። አለዚያ ያ ስልክ ለወር ይጮሃል፣ ሰውም ቀጣዩን ጥሪ አያምንም።

ሕጉንም እወቂው። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 በሥራ ላይ ነው። ሐሰተኛ መረጃው ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ሲሰራጭ ቅጣቱን ያከብደዋል። ስለዚህ ራስሽ ፒን የምታደርጊውን፣ ራስሽ የምታስተላልፊውን ከማንም መልእክት በላይ መርምሪው።

ለራስሽም አስቢ። የፎቶና የቪዲዮ አውቶ ዳውንሎድን አጥፊ፤ ጥቅልሽን ይቆጥብልሻል፣ የሞተ ሰው ምስልም ሳታስቢው ፊትሽ አይከፈትም። ተራሽ ከምሽቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ከሆነ በ4 ሰዓት ለቀጣዩ «ተረከብ» ብለሽ ጻፊና ኖቲፊኬሽኑን ዝጊ። ሌሊቱን የሚጠብቅ ሰው ከሌለ ግሩፑ ከ6 ሰዓት እስከ ንጋት ለጽሑፍ ይዘጋ፤ ማንም አይሞትም። በየሦስት ወሩ «ልቀጥል ወይስ ልረፍ?» ብለሽ የምትነግሪያቸው ቀን ከወዲሁ ተነጋገሩ። የምትወጪ ከሆነ ከሳምንት በፊት አሳውቂ፣ ያላለቁ ቅሬታዎችን በመዝገቡ ላይ በስም ለሌላ አስረክቢ፣ በመጨረሻም ባለቤቱ ሥልጣንሽን ከግሩፑም ከቦቱም ማንሳቱን ራስሽ ገብተሽ አረጋግጪ።