ለመልስ ራት ከጠጅና ከአረቄ ኮክቴል ይሠራል ወይ ላልሽው

ሰላም እህቴ፣ እንኳን ደስ ያላችሁ። ጥያቄሽን ዛሬ ነው ያየሁት። የታናሽ እህትሽ መልስ ጥር ላይ ባህር ዳር ሐይቅ ዳር ይደረጋል፤ እንግዳው 80 ያህል ነው፤ ውድ ውስኪ ከመደርደር ይልቅ ከጠጅ፣ ከአረቄና ከአካባቢው ምርት ኮክቴል ለማቅረብ አስባችኋል፤ አባትሽ ደግሞ «ጠጁን እንዳታበላሹት» ብለዋል። እኔ እዚሁ ባህር ዳር ባር ውስጥ ነው የምሠራው፤ ለሰርግ፣ ለመልስና ለምርቃት ኮክቴል ማዘጋጀት የዘወትር ሥራዬ ነው። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ፣ ታገሺኝ።

ከአባትሽ ልጀምር፤ እውነታቸውን ነው። በደንብ የተጣለ ጠጅ ሼከር (ኮክቴል መወዝወዣ ዕቃ) ውስጥ ገብቶ የሚሻሻል መጠጥ አይደለም። አልኮሉ አብዛኛውን ጊዜ ከ7 እስከ 11 በመቶ አካባቢ ስለሆነ ለወይን ጠጅ ይቀርባል እንጂ ለጂን አይቀርብም። ከሎሚና ከበረዶ ጋር ስትወዘውዢው በረዶው እየቀለጠ ያቀጥነዋል፣ ምላስ ላይ ቆንጠጥ የሚያደርገው ትንሽ ጋዝም ይወጣል፣ የማሩ ጣዕም ይሄድና የጌሾው ምሬት ብቻውን ይቀራል። ለአባትሽና ለእኩዮቻቸው ጠጁን ቀዝቀዝ አድርጋችሁ፣ በረዶ ሳታስነኩ፣ በብርሌ አቅርቡ። የብርሌ አንገት ጠባብ ስለሆነ ሽታውን ይይዘዋል፤ ጥሩ ጠጅ ከአፍ በፊት በአፍንጫ ነው የሚጠጣው። እዚህ ላይ ከአባትሽ ጋር አትከራከሪ።

ወጣቶቹ የሚቀመጡበት ጠረጴዛ ላይ ግን ጠጅ የሚስማማው አንድ ነገር አለ፣ እሱም አምቦ ውሃ ነው። ሰፊ ብርጭቆ በበረዶ ሙይ፣ 100 ሚሊ ሊትር ደረቅ ያለ ጠጅ ቅጂበት፣ ከላይ 50 ሚሊ ሊትር በጣም የቀዘቀዘ አምቦ ጨምሪ፣ በረጅም ማንኪያ አንድ ጊዜ ብቻ ከታች ወደ ላይ አንሺው፣ በቃ። አምቦ ውሃ ባይካርቦኔት በብዛት ስላለበት የሎሚን ኮምጣጣነት ይሰብራል፤ ሎሚ ካማረሽ በተራ ሶዳ ከምታደርጊው ትንሽ አብዢው። ጠጁ ለስላሳና ጣፋጭ ከሆነ ግን ይህ አይሠራም፣ ሰው ግማሹን ጠጥቶ ያስቀምጠዋል። ደረቁን ፈልጊ።

ጠጁን ስትገዙ ቀምሳችሁ ግዙ። ዛሬ ዛሬ ማሩ ቀርቶ ስኳርና ቢጫ ቀለም የሚበዛበት አለ። የማር ጠጅ ከዋጥሽው በኋላ የሰም፣ የአበባ ሽታው ጉሮሮ ላይ ይቆያል፤ የስኳሩ ጣፋጭነት ምላስ ጫፍ ላይ ያልቃል። ጠጅ ቤት ሄዳችሁ አንድ አንድ ብርሌ አዝዛችሁ ሳትቸኩሉ ጠጡ፣ ከወደዳችሁት ለዕለቱ እዘዙ። ስታጓጉዙት ደግሞ የጀሪካኑን ክዳን ጥርቅም አድርጋችሁ እንዳትዘጉት፣ በጠርሙስም አታሽጉት። ጠጅ ተጠልሎ ከወጣ በኋላም መፍላቱን አያቆምም፤ መኪና ውስጥ ሙቀት ሲያገኝ ጋዙ መውጫ ያጣና ጀሪካኑን ያሳብጠዋል፣ ጠርሙስ ከሆነም ያፈነዳዋል። ክዳኑን ላላ አድርጋችሁ፣ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት።

አሁን ወደ አረቄው። የጎጃምን የዳጉሳ አረቄ በጣም ነው የምወደው፤ ጭስ ጭስ የሚል፣ የተቆላ እህል ሽታ ያለው፣ በየትኛውም የውጭ ጠርሙስ ውስጥ የማታገኚው መጠጥ ነው። ድፍድፉ እሳት ላይ ተጥዶ፣ እንፋሎቱ በመቃ እያለፈ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በተቀመጠው ዕቃ ጠብ ጠብ ሲል ያየ ሰው ምን ያህል ልፋት እንደሆነ ያውቃል። ለግብዣ ኮክቴል መሠረት አድርጊው ግን አልልሽም። አንደኛው ምክንያት ጥንካሬው ስለማይታወቅ ነው። ተራ አረቄና ዳግም አረቄ በአልኮል በጣም ይለያያሉ፤ የአንዷ ባልቴት ተራ ከሌላዋ ተራ ጋር እንኳ አይገጥምም። መጠኑ የማይታወቅ ነገር ላይ ልክ ያለው ኮክቴል መሥራት አይቻልም፤ እንግዳውም ስንት እንደጠጣ አያውቅም።

ሁለተኛው ከዚህ ይብሳል። ገበያ ላይ በጀሪካን የሚዞረው አረቄ ውስጥ ሜታኖል የሚባለው መርዛማ አልኮል ቢኖርበት በዓይን፣ በማሽተትም ሆነ በጣዕም አትለዪውም። «በክብሪት ለኩሰው፣ ሰማያዊ ከነደደ ንጹሕ ነው» የሚለውን አትመኚው፤ መርዛማውም ሆነ የሚጠጣው አልኮል በሰማያዊ ነበልባል ይነዳሉ። የሜታኖል ጉዳት ወዲያው አይታይም፣ ከሰዓታት በኋላ ወይም በማግስቱ ነው ዓይን ማደብዘዝ የሚጀምረው፤ ያን ጊዜ ሰው ሌሊቱን በመጠጣቱ ብቻ የመጣ መስሎት ይተኛል። ከጠጡ በኋላ ዓይኔ ጭጋግ ለበሰብኝ ያለ ሰው ካለ በቀጥታ ሆስፒታል ነው የሚወሰደው። ቤተሰባችሁ ለረጅም ጊዜ የሚያውቃት፣ ስታወጣ ያያችኋት አረቄ አውጪ ካለች ግን፣ አረቄዋን ለሽታ ብቻ ተጠቀሙበት። የሻይ ማንኪያ ሙሉ አረቄ በተሠራው ኮክቴል ላይ ቀስ ብለሽ አፍስሺ፤ ከላይ ይንሳፈፋል፣ ብርጭቆው አፍንጫ ሲደርስ መጀመሪያ የሚሸተው የዳጉሳው ጭስ ይሆናል። ከዚያ በላይ አያስፈልግም።

እንግዲህ ኮክቴሉ ከምን ይሠራ? ፋብሪካ ያሸገው ጂን፣ የጎጃም ማርና የዘጌ ሎሚ። ጂኑ የግድ የውጭ መሆን የለበትም፣ የአገር ውስጡ ከማር ጋር ሲገባ ጥሩ ነው፤ ዋናው ማሸጊያው ያልተነካ መሆኑ ነው። ይህ ቅንብር እኔ የፈጠርኩት አይደለም። ጂን፣ ሎሚና ማር ያለበት «ቢስ ኒስ» የሚባል ኮክቴል አለ፤ ስሙ የሚነሳው በአሜሪካ መጠጥ በሕግ ከተከለከለበት ከ1920 እስከ 1933 እ.ኤ.አ. ካለው ዘመን ጋር ነው። እኛ ጋር ሲመጣ ግን ያገሩ ሰው ይመስላል፤ ማሩም ሎሚውም ከደጃችን ነው።

ለአንድ ብርጭቆ 50 ሚሊ ሊትር ጂን፣ 25 የሎሚ ጭማቂ፣ 20 የማር ሽሮፕ። ሼከሩን በበረዶ ሞልተሽ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ በኃይል ወዝውዢ፤ ሼከሩ ውጪው ጤዛ ለብሶ እጅ ማቃጠል ሲጀምር ደርሷል ማለት ነው። አጥልለሽ ቀድሞ በቀዘቀዘ ብርጭቆ ቅጂ። ላዩ ላይ ስስ ነጭ አረፋ ይሠራል፣ ቀለሙ የገብስ ነዶ ይመስላል፣ መጀመሪያ ሎሚው ይመጣል፣ ማሩ መጨረሻ ላይ ይደርሳል። አንዳንድ ባለሙያ አረፋው እንዲወፍር እንቁላል ነጭ ይጨምራል፤ ለእናንተ አልመክርም፤ ሐይቅ ዳር በሙቀት ጥሬ እንቁላል ማስቀመጥ ጣጣ አለው፣ የሚጾም እንግዳም አይጠፋም።

ማሩን እንዳለ ሼከር ውስጥ አትክተቺ። በረዶ ሲነካው ይጠጥርና ታች ይለጠፋል፣ መጠጡ ያለ ጣፋጭ ይወጣል። አንድ እጅ ማር ከአንድ እጅ ለብ ያለ ውሃ ጋር አሟሚው። ለብ ያለ ያልኩት ጣት የሚችለውን ነው፤ በፈላ ውሃ ካደረግሽው የአበባው ሽታ ይተናል፣ ማር የገዛሽበት ምክንያት ደግሞ እሱ ነው። የጥቅምትና የኅዳር ማር ለጥር ስለሚደርስ ወራታችሁ ጥሩ ነው። አጣርተሽ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጪ፤ ውጪ ከዋለ ብርዝ ነውና መፍላት ይጀምራል።

ሎሚው ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሸወደው። ከዘጌ የሚመጣው ትንሹ፣ ልጡ ስስ፣ ወደ ቢጫ ማድላት የጀመረው ሎሚ ከሁሉም ይበልጣል። ዘጌ በሬ የማይታረስበት አገር ነው፤ ሰዉ ሲያወራ በአቡነ በትረ ማርያም በረከት ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ተሰጠን ይላል፣ ጫካውም እስካሁን በእነዚያ ይኖራል። አስቢው፤ ለጠጁ ጌሾ፣ ለኮክቴሉ ሎሚ፣ ለመጨረሻው ቡና፣ ሦስቱም ከአንድ ልሳነ ምድር። እኔ ብሆን ይህን በትንሽ ካርድ አስጽፌ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ነበር። ሎሚውን ግን ከዋዜማው እንዳትጨምቁ። ጭማቂ ካደረ ሽታው ይሞታል፣ መራራነትም ያመጣል። ራቱ ማታ ከሆነ ከሰዓት በኋላ ጨምቁ፣ በሻሽ ሸፍኑት፤ ሐይቅ ዳር ምሽት ላይ መብራት ሲበራ ትንኙ የሚሰፍረው ማርና ጭማቂ ላይ ነው።

ከራት በኋላ ደግሞ የዘጌ ቡና አለላችሁ። «ኤስፕሬሶ ማርቲኒ» የሚባለውን ሰምተሽ ይሆናል፤ ዲክ ብራድሴል የተባለ የለንደን ባርቴንደር በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የፈጠረው ነው፣ ቮድካና ቡና ነው መሠረቱ። የኤስፕሬሶ ማሽን ባይኖርም ይሠራል። ጀበናውን ከወትሮው እጥፍ አወፍራችሁ አፍሉ፣ አተላው ይዝቀጥ፣ ቡናው ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ። ትኩስ ከገባ በረዶውን ሁሉ ያቀልጥና ውሃ ይሆናል። 40 ቮድካ፣ 40 ቡና፣ 20 የማር ሽሮፕ፣ በኃይል መወዝወዝ። አረፋው እንደ ማሽኑ አይወፍርም፣ ጣዕሙ ግን የእኛው ነው። መጠኑን አታብዙ፤ ቡናው ድካምን ስለሚሸፍን ሰው የጠጣው አልኮል ያነሰ ይመስለዋል።

ስሌቱን ልሥራልሽ። 80 ሰው ሁለት ሁለት የጂን ብርጭቆ ቢጠጣ 160 ብርጭቆ ነው። ጂን 8 ሊትር፣ ማለትም 11 ባለ 750 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ። ጭማቂ 4 ሊትር፤ ከትንሹ ሎሚ አንዱ 15 ሚሊ ሊትር ያህል ቢወጣው ወደ 270 ሎሚ። ሽሮፕ 3 ሊትር ከ200፣ ለዚህ ሁለት ኪሎ ተኩል ማር ይበቃል። ጂንና ሽሮፑን ቀን ላይ በማሰሮ ቀላቅላችሁ ማቀዝቀዝ ትችላላችሁ፣ ሎሚው መጨረሻ ይግባ። በረዶ ለአንድ ሰው ከግማሽ ኪሎ በታች አታስቡ፤ የሚያልቀው ሁልጊዜ መጠጡ ሳይሆን በረዶው ነው። ከተጣራ ውሃ የተሠራ ይሁን፤ መብራት ይጠፋልና በማቀዝቀዣ ላይ ብቻ አትደገፉ፣ በወፍራም ሳጥን ውስጥ በጆንያ ጠቅልላችሁ በጥላ አስቀምጡ። መጠጡን በዓይን ግምት የሚቀዳ ልጅ ባር ላይ አታቁሙ፤ መለኪያ ይያዝ። አንዱ ብርጭቆ 40፣ ሌላው 80 ከሆነ ምሽቱ ከእጃችሁ ይወጣል።

የማይጠጡትን አትርሺ፤ ብዙ ናቸው፣ ሁልጊዜም ለስላሳ ተሰጥቷቸው ጥግ ይቀራሉ። ያንኑ የማር ሽሮፕ 30፣ ሎሚ 25፣ የቀዘቀዘ አምቦ እስከ አፉ፣ በዚያው በሚያምረው ብርጭቆ። እርጉዝም፣ ሾፌርም፣ ቄስም፣ ልጅም ይጠጣዋል። ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥ በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የተከለከለ ነው፤ ግብዣ ቢሆንም ባሩ ላይ የሚቆመው ሰው ይህን ይወቅ። አሳ ጥብስም ሆነ ዱለት ካለ ቀድሞ ይውጣ፣ በባዶ ሆድ ኮክቴል አትጀምሩ። ለሚነዱት ደግሞ ባጃጅና ሚኒባስ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ከሳምንት በፊት አንድ ቀን እቤት ሞክሩት፤ ማሩ እንደየአካባቢው ጣፋጭነቱ ስለሚለያይ ሽሮፑን ከ20 ወደ 15 መቀነስ ሊያስፈልግ ይችላል። የመጠጥ ጠረጴዛው ከቤት ውጪ ሣር ላይ ነው ወይስ አዳራሽ ውስጥ? እሱን ጻፊልኝና የበረዶውንና የብርጭቆውን ብዛት አብረን እናስላለን።