«አስጠንተናል፤ ግን ሠርቷል?» የጎንደር አስጠኚዎች ጥያቄና መልስ

በጎንደርና በዙሪያዋ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን ለዩኒቨርሲቲ ለማብቃት የሚያስጠኑና የሚያማክሩ በጎ ፈቃደኞች የላኳቸው ጥያቄዎች ናቸው።

ጥያቄ፦ ክረምት ላይ 90 ተማሪ መዘገብን፤ 60ው እስከ መጨረሻ ዘለቁ፤ ከእነሱ 24ቱ 50 በመቶና ከዚያ በላይ አመጡ። 40 በመቶ አሳለፍን ማለት እንችላለን?

መልስ፦ አትችሉም። አካፋዩ 90 ነው። 24 ለ90 ሲካፈል 27 በመቶ ገደማ ይመጣል፤ ካቋረጡት 30 ውስጥም ያለፈ ካለ ፈልጋችሁ ደምሩ። የሚያቋርጠው አብዛኛውን ጊዜ ችግር የበዛበት ልጅ ስለሆነ፣ እሱን ከስሌት ማውጣት ፕሮግራሙን ያለ ሥራው ያስመሰግነዋል።

ሌላው፣ 90ዎቹን ማን መረጣቸው? ርዕሰ መምህሩ ጎበዞቹን ልኮላችሁ ከሆነ ሳታስጠኗቸውም ብዙዎቹ ያልፉ ነበር። በ2014 ዓ.ም. ፈተና በአገር ደረጃ ያለፈው 3.3 በመቶ ብቻ ነው፤ የትኛውም የጎበዞች ቡድን ከዚያ ጋር ሲተያይ ተአምር ይመስላል። ዝቅተኛ ያመጡትን ብቻ ብትመርጡም ያው ነው፦ በአንድ ፈተና ቀን ያልቀናው ልጅ በሚቀጥለው ማንም ሳይረዳው ከፍ ይላል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ከማን ጋር እናወዳድር?

መልስ፦ ተመዝጋቢው ከቦታው ከበለጠ ዕጣ አውጡ። በፆታና በተፈጥሮ ወይም በማኅበራዊ ሳይንስ ከፋፍላችሁ፣ ወላጆች ባሉበት። ዕጣ ያልወጣላቸውንም ስምና የ11ኛ ክፍል ውጤት መዝግባችሁ ያዙ። «በሚቀጥለው ዓመት ተራችሁ ነው» ብሎ ማጽናናት የሚቻለው ለ11ኛ ክፍሎች ነው፤ ያኔ ግን የምታወዳድሩት የዓመቱን ማብቂያ ውጤት ይሆናል፣ የ12ኛን ፈተና አይደለም።

ጥያቄ፦ ስንት ተማሪ ይበቃል?

መልስ፦ አላፊው ከ10 ወደ 20 በመቶ ማደጉን ለማየት በየወገኑ (ከሚጠኑትም ዕጣ ካልወጣላቸውም) 200 ገደማ። ከ5 ወደ 10 ከሆነ 435 አካባቢ። ዕጣው ለየተማሪው ሳይሆን ለየትምህርት ቤቱ የሚወጣ ከሆነ ቁጥሩ ያብጣል፦ ከየትምህርት ቤቱ 20 ልጅ ወስዳችሁ የውስጥ መመሳሰላቸው (የአንድ ትምህርት ቤት ልጆች ውጤት ምን ያህል እንደሚቀራረብ ከ0 እስከ 1 የሚለካው) 0.1 ቢሆን በ2.9 ይባዛል። ሁለት ትምህርት ቤት ብቻ ማወዳደርማ ከንቱ ድካም ነው፤ አንድ የሒሳብ መምህር ቢቀየር ነገሩ ሁሉ ይምታታል።

ጥያቄ፦ ቅዳሜ ግማሹ ይቀራል። ፍላጎት የላቸውም?

መልስ፦ ከደምቢያና ከወገራ መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩትን ለዩ። ዓርብ ከሰዓት ስንቅ ሊያመጡ ይወጣሉ፤ እሑድ ይመለሳሉ። ረቡዕ ከ10 ሰዓት በኋላ አድርጉትና እዩ። መዝገቡ ላይም «ቀሪ» ብቻ ብላችሁ አትለፉ፤ ጎኑ ላይ «ስንቅ»፣ «ሥራ»፣ «ሕመም» እያላችሁ ጻፉ። ሦስት ወር ያልሞላው መዝገብ ከረጅም መጠይቅ የበለጠ ይነግራችኋል።

ጥያቄ፦ መጠይቁን አማካሪዎቹ ራሳቸው ቢያስሞሉስ?

መልስ፦ አይሆንም። ይሉኝታ አለ፤ ሲያስጠናው የከረመውን ሰው ፊት ለፊት «አልጠቀመኝም» የሚል ልጅ አታገኙም። የማያውቁት ሰው ያስሞላ፤ የጥምቀት ሰሞንንም እለፉት።

ጥያቄ፦ ውጤት ሲወጣ ልጆቹ ይጠፉብናል።

መልስ፦ ለፈተና ከመሄዳቸው በፊት የፈተና መለያ ቁጥራቸውን በፈቃዳቸው ውሰዱ፤ ዕጣ ያልወጣላቸውንም ጭምር። የወላጅ ስልክ ጨምሩበት፣ የተማሪ ሲም ቶሎ ይቀየራል። ስትመዘግቡም በቀጥታ ያለፈውን፣ ሪሜዲያል (የማለፊያ ነጥብ ላልደረሱ የሚሰጥ የማካካሻ ትምህርት) የገባውንና አንደኛ ዓመትን የጨረሰውን በሦስት የተለያየ ዓምድ አስቀምጡ።