የቆየ ፎር ዊል ራቫ 4፦ ጥያቄና መልስ

ከ1994 እስከ 2005 (እ.ኤ.አ.) የተሠሩትን፣ ሁልጊዜ በአራቱም ጎማ የሚነዱትን ራቫ 4ዎች የሚመለከት ነው።

ጥያቄ፦ የ2003 ራቫ 4 አለኝ። ፓርክ ለማድረግ መሪውን ሙሉ ስጠመዝዝ መኪናው ይያዛል፣ ጎማውም ይንጫጫል። ፍሬን ይሆን?

ፍሬን ቢሆን ቀጥ ብለው ሲሄዱም ይይዝ ነበር። ሲታጠፍ ብቻ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ኃይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያካፍለው የመሃል ዲፈረንሻል ቪስከስ ካፕሊንግ ነው። በመታጠፊያ ላይ የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ የበለጠ መንገድ ይጓዛሉ፤ ይህን ልዩነት መሃሉ ካላስተናገደ አንዱ ጎማ መንሸራተት ግዴታው ነው። ካፕሊንጉ ወፍራም የሲሊኮን ፈሳሽና ስስ ሳህኖች ያሉት የታሸገ ዕቃ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሲግል ይጠጥርና ፊትና ኋላን አንድ ላይ ያስራል።

አፈታተሹ እንዲህ ነው። ሜዳ ቦታ ላይ ሞተር አጥፍተው የእጅ ፍሬን ይያዙ፣ መሬት ለሚነኩት ጎማዎች ታኮ ያድርጉ፣ ማርሹን ፎሌ ያስገቡ፣ አንዱን የፊት ጎማ ብቻ በክሪክ ያንሱ። የተነሳውን ጎማ ያዙሩት። እየከበደ በዝግታ ከዞረ ደህና ነው። ከነጭራሹ ካልተንቀሳቀሰ ታስሯል። ያለ ምንም ክብደት ከተሽከረከረ ደግሞ ካፕሊንጉ ሥራ አቁሟል። የታሸገ ስለሆነ አይጠገንም፣ ይቀየራል።

ጥያቄ፦ ሁለት ጎማ ብቻ አዲስ ልግዛ?

ካፕሊንጉን የሚገድለው በአብዛኛው ይሄው ቁጠባ ነው። በሂሳብ እንየው፦ 215/70 አር 16 ጎማ ዙሪያው 2.2 ሜትር ገደማ ነው፤ በአንድ ኪሎ ሜትር ወደ 450 ጊዜ ይዞራል። አዲሱ ከአሮጌው በጥርስ 3 ሚሊ ሜትር ቢበልጥ ዙሪያው በ19 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። ስለዚህ በየኪሎ ሜትሩ 8 ሜትር ተኩል ያህል ልዩነት ይፈጠራል፤ ቀጥ ባለ አስፋልት ላይም ካፕሊንጉ ያለ ዕረፍት ይግላል። አራቱንም አንድ ላይ ይቀይሩ፤ በመሃል አቅም ካነሰ ያገለገለ ግን የጥርሱ ጥልቀት ከቀሩት ጋር የሚቀራረብ ይፈልጉ። የተለያየ ንፋስም ያው ነው።

ጥያቄ፦ ነዳጅ ለመቆጠብ የኋላውን ትራንስሚሽን (ኃይል ወደ ኋላ የሚወስደውን ረጅም ዘንግ) አውጥቼ በፊት ብቻ ብነዳስ?

አይሆንም። መሃሉ ዲፈረንሻል ስለሆነ ኃይሉ ወደ ተከፈተው ጎን ይሸሻል፤ ቪስከስ ያለው መኪና ቢንቀሳቀስ እንኳ ካፕሊንጉን እያቃጠለ ነው።

ጥያቄ፦ የኋላ ዲፈረንሻል ዘይት ስቀይር ምን ልጠንቀቅ?

መጀመሪያ የሚከፈተው የላይኛው የመሙያ ቡሎን ነው። ብዙ ጊዜ ዝጎ ይጣበቃል፤ የታችኛውን ቀድመው ካፈሰሱና የላይኛው እምቢ ካለ መኪናው ዘይት አልባ ሆኖ ቆመ ማለት ነው። ዘይቱ ደረጃው ጂኤል 5፣ ውፍረቱ 80 ደብሊው 90 ይሁን፤ ከመሙያው አፍ ሞልቶ መንጠባጠብ ሲጀምር ይበቃዋል። በማፍሰሻው ማግኔት ላይ ግራጫ ጭቃ መሳይ ነገር የተለመደ ነው፣ የማርሽ ጥርስ ስባሪ ግን የተለመደ አይደለም። ክረምት ላይ ጎርፍ ካቋረጡ በኋላ ዘይቱ ወተት መስሎ ከወጣ ውሃ ገብቶበታልና ኪሎ ሜትሩን ሳይጠብቁ ይቀይሩት። መተንፈሻውንም ያጽዱ፤ በጭቃ ሲደፈን የጋለው አየር ዘይቱን በፓራኦሊዮው (ዘይት እንዳይወጣ በሚይዘው የጎማ ቀለበት) ገፍቶ ያወጣዋል። ፓራኦሊዮ ደጋግሞ ከተቀየረና አሁንም ካፈሰሰ ምክንያቱ የተደፈነው መተንፈሻ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ ድምፅ አለ፣ ግን ከየት እንደሆነ መለየት አቃተኝ።

ሲታጠፉ ቀጭ ቀጭ ካለ የፊት ሲቪ ጆይንት (የፊት ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ መጋጠሚያ) ነው፤ የላስቲክ ሽፋኑ ተቀዶ ግራሶው ወጥቷል። ሲነሱ አንዴ ጓ ካለ ክሮቼራውን (የትራንስሚሽኑን መስቀለኛ መጋጠሚያ) በእጅ ነቅንቀው ይዩ። ጩኸቱ ነዳጅ ሲረግጡና ሲለቁ ከተለወጠ ወደ ዲፈረንሻል ይሂዱ። መሪ ወደ ግራና ቀኝ ሲወዘውዙ ከተለወጠ የጎማ ኩሽኔታ ነው።

ጥያቄ፦ መኪናው ቢበላሽ በሌላ መኪና ማስጎተት ይቻላል?

የፊት ወይም የኋላ ጎማ ብቻ አንጠልጥሎ መጎተት አይቻልም። በጭነት መኪና ላይ ይጫን።