ጎመኔ ለምን ቢጫ ሆነ?

ጥያቄ፦ ጅማ፣ ጓሮዬ ባለው 10 ካሬ ሜትር መደብ ላይ ጎመንና ቆስጣ ተክያለሁ። ስተክል ኤንፒኤስ (ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ድኝ ያለበት ማዳበሪያ) ጨምሬ፣ ከመፈልፈያ ያመጣሁትን የቡና ገለፈት ከአፈሩ ጋር ቀላቀልኩ። አሁን የታችኞቹ ቅጠሎች ቢጫ ሆነዋል። ምን ጎደለው?

መልስ፦ ናይትሮጅን። ተክሉ ሲያጥረው ከአሮጌው ቅጠል ወስዶ ለለጋው ስለሚሰጥ ቢጫነቱ ከታች ይጀምራል። ከ100 ኪሎ ኤንፒኤስ ናይትሮጅኑ 19 ኪሎ ብቻ ነው፤ ቅጠሉ ለሚቆረጥ አትክልት ብቻውን አይበቃም። ይበልጥ የጎዳዎት ግን ጥሬው ገለፈት ነው፤ የሚያበሰብሱት ረቂቅ ተህዋሲያን የአፈሩን ናይትሮጅን ይሻሙታል። ደግሞ እንዳይጥሉት! ፖታሲየም የሞላበት ነው። ከፍግ ጋር ከምረው፣ እያገላበጡ ከ3 እስከ 4 ወር ያብስሉት።

ለአሁኑ ለመላው መደብ 100 ግራም ዩሪያ (የናይትሮጅን ማዳበሪያ) ይመዝኑ፤ ግማሹን ዛሬ፣ ግማሹን ከ3 ሳምንት በኋላ። ከግንዱ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቀው ትንሽ ቦይ ያውጡና ጨምረው አፈር ያልብሱት። ገላጣ ከቀረ ወደ አየር ይባክናል፤ ቅጠል ላይ ካረፈ ያቃጥላል፤ ዶፍ ከመጣበት ታጥቦ ይሄዳል።

ጎመኑ አገግሞ ቆስጣው ብቻ ከቀጨጨ አሲዳማነትን ይጠርጥሩ። የአካባቢው ቀይ አፈር ብዙ ቦታ አሲዳማ ነው፤ ቆስጣ አይችለውም። አፈሩን አስመርምረው በውጤቱ ልክ ኖራ ይጨምሩ፣ ከሚቀጥለው ተከላ ቢያንስ አንድ ወር ቀድመው።