ሥዕሌን ቲሸርት ላይ አየሁት፤ ከእንግዲህ መለጠፍ ልተው?

ሰላም እህቴ። አዲስ የገቡ ልጆችም እንዲከተሉን ጥያቄሽን ባጭሩ ልድገመው። ነጠላ የለበሰች እናት ሥለሽ ቴሌግራም ቻናልሽ ላይ ለጠፍሽ። ከወራት በኋላ ጓደኛሽ ያንኑ ሥዕል መርካቶ ቲሸርት ላይ ታትሞ አገኘችውና ፎቶ አንስታ ላከችልሽ። አሁን መለጠፍ ልተው ወይስ መሐሉ ላይ ስሜን በትልቁ ልጻፍበት እያልሽ ነው። በዚያ ላይ ኮሜንት ላይ «ኤአይ ነው» የሚሉሽ አሉ። ስለ ቀለም መፍዘዝና ስለ ታብሌትም ጠይቀሻል።

ከላይ የመለሱልሽ ልጆች አብዛኞቹ «ዋተርማርክ አድርጊበት» ብለው አልፈዋል። እኔ ትንሽ እለያለሁ።

መለጠፉን አትተዪ። ሥራ የሚመጣው ከዚያው ነው። እኔ እስካሁን ካገኘኋቸው ደንበኞች አብዛኞቹ ሰው ፎርዋርድ ያደረገላቸውን ሥዕል አይተው የመጡ ናቸው። ግን የምትለጥፊውና የምታስቀምጪው ፋይል አንድ አይሁን። ኔት ላይ የሚወጣው ማስታወቂያሽ ነው፤ ሥራው ቤት ይቀመጥ። ከዚህ በታች የምዘባርቀው ሁሉ ከዚህ የሚመነጭ ነው።

በቁጥር ላሳይሽ። ኤ4 ላይ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ጥርት ብሎ የሚታተም ሥዕል 2480 በ3508 ፒክስል ነው። ብዙዎቻችን የምንሠራው በዚህ ወይም ከዚህ ከፍ ባለ መጠን ነው። ለስልክ ስክሪን ግን 1080 ፒክስል ወርድ ይበቃል። ይህ 1080 በ300 ዲፒአይ ቢታተም ወርዱ 9 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሰውየው 30 ሴንቲ አድርጎ ደረት ላይ ሲዘረጋው ወደ 90 ዲፒአይ ይወርድበታል። እስቲ ጓደኛሽ የላከችውን ፎቶ አጉልተሽ እዪው። የጥለቱ ጠርዝ ደብዝዟል? ሽፋሽፍቱ አንድ ላይ ተጨማልቋል? ከሆነ የወሰደው ትንሹን ኮፒ ነው። ጥርት ብሎ ከታተመ ግን ትልቁ ፋይል የሆነ ቦታ ሾልኳል ማለት ነው። የት እንደሆነ ፈልጊ።

የምጠረጥረው ቴሌግራምን ነው። እንደ ፎቶ ስትልኪ ራሱ ይጨምቀዋል። እንደ ፋይል ስትልኪ ግን ሳይነካው እንዳለ ያደርሰዋል። ስንቱ ልጅ ነው «ጥራቱ እንዳይወርድ» ብሎ ቻናሉ ላይ በፋይል የሚለቅ! ለማተሚያ ቤት የተዘጋጀ ኮፒ በነፃ እያደለ እኮ ነው። በፋይል የሚላከው ከፍሎ ለጨረሰ ደንበኛ ብቻ ይሁን። ቻናሉ ላይ ሴቭ ማድረግና ፎርዋርድ ማድረግ የሚከለክል ሴቲንግ አለ፤ እኔ አልወደውም። ሌባው ስክሪኑን በሌላ ስልክ ያነሳዋል። ወዳጅሽ ግን ለአክስቱ ሊልክልሽ አይችልም።

እውነቱን ለመናገር አሁን ትንሽ ምስል የሚያሳድግ ኤአይ ሞልቷል። ስለዚህ አሳንሶ መለጠፍ ሌባ አያስቆምም። ትልቅ ባነር ወይም ፍሬም ላይ ግን ብዙ ጊዜ ያሳብቅበታል። ከዚያ በላይ ደግሞ ባለ ሌየሩ (የሥዕሉ ድርቦች ተለያይተው ያሉበት) ዋና ፋይል አንቺ ጋ ብቻ መኖሩ ክርክር የመጣ ቀን ዋጋ አለው።

ወደ ዋተርማርክ ልምጣ። መሐል ላይ የተጋደመ ትልቅ ስም ሥዕሉን ያበላሸዋል፣ በዚያ ላይ ዛሬ ማንም ሰው በስልኩ ያጠፋዋል። ጥግ ላይ ያለች ፊርማ ደግሞ ትቆረጣለች። እኔ ሁለት ቦታ እፈርማለሁ። አንዱ ሰው እንዲያገኘኝ ነው፤ ከታች፣ በሚነበብ ፊደል፣ የቻናሌ ስም። ሁለተኛው ሥዕሉ ውስጥ ይገባል።

አንዴ ሜክሲኮ አካባቢ አንድ ሱቅ የኔን ሥዕል ኩባያ ላይ አትሞ ሲሸጥ አገኘሁት። ልክ እንዳንቺው ነጠላ የለበሰች ሴት ናት። የታችኛውን ፊርማ ቆርጠውታል። የሚሸጠው ልጅ «ከጎግል ነው ያወረድነው፤ ጎግል ላይ ያለ የሁሉም ነው» አለኝ። ኩባያውን ተቀብዬ ጥለቱን አሳየሁት። ጥለቱ ላይ ትናንሽ መስቀሎች ተደርድረዋል። አንዷ ግን መስቀል አይደለችም፤ የስሜ መነሻ «ተ» ናት። እግሯ ከሌሎቹ ትንሽ ረዘም ይላል። ካልተነገረሽ አታዪያትም፣ ከተነገረሽ በኋላ ደግሞ ሌላ ነገር አይታይሽም። ከዚያ የሥዕሉን ቪዲዮ ስልኬ ላይ ከፈትኩለት፤ ከባዶ ካንቫስ እስከ መጨረሻዋ ጭረት። ልጁ ኩባያውን አየ፣ ስልኩን አየ፣ «ቆይ ጋሼን ልጥራልህ» አለ። ጋሼ ሲመጡ ቡና ታዘዘ። የተሸጠው ታስቦ ተከፈለኝ፤ ቀጣዩን ዙር በስምምነት አተምን። ሁሌ እንዲህ ያልቃል እያልኩሽ አይደለም። ሌላው ደግሞ «እደውልልሃለሁ» ብሎ ብሎክ አድርጎኝ ቀርቷል።

ያንን ቪዲዮ ልብ በዪው። ኢቢስ ፔይንትና ፕሮክሬት የሚባሉት የመሣያ አፖች ላይ አሳሳልሽን እየቀዳ የሚያስቀምጥ ሴቲንግ አለ። ከመጀመርሽ በፊት ሴቲንጉ መከፈቱን አረጋግጪ። «ኤአይ ነው» ለሚሉሽም መልሱ እሱ ነው። ኮሜንት ላይ አትከራከሪ፤ ክርክሩ ማለቂያ የለውም። ቪዲዮውን በሠላሳ ሰከንድ አሳጥረሽ ልቀቂ፣ በተለይ ያጠፋሽበትን ቦታ አትቁረጪው። እጁን ሦስቴ ሠርተሽ የደመሰስሽበትን ያየ ሰው ምንም አይልሽም። እንደውም ከሥዕሉ ይልቅ ቪዲዮው ብዙ ተመልካች ሊያመጣልሽ ይችላል።

ኤአይን ካነሳን አይቀር፣ ግሌዝ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጡት ነው። ሥዕሉ ላይ በዓይን ብዙም የማይለይ ለውጥ ያደርግና ስታይልሽን ለመኮረጅ የሚሠለጥነውን ኤአይ ያደናግረዋል። ጠፍጣፋ ቀለም የምትጠቀሚ ከሆነ ግን ለውጡ እንደ እድፍ ይታያል። ለቲሸርት ሌባ ደግሞ ምንም አያደርገውም።

አሁን ደግሞ ደስ የማይልሽን ልናገር። በጥያቄሽ መሐል «ፊቷን ከፒንተረስት ካገኘሁት ፎቶ ነው የሠራሁት» ብለሻል። ያ ፎቶ ያነሳው ሰው አለው። አንቺ በቲሸርቱ ሰውዬ የተናደድሽውን ያህል እሱም ሊናደድብሽ ይችላል። አቀማመጡንም፣ ብርሃኑንም፣ ፊቱንም እንዳለ ከወሰድሽ «የኔ ነው» ብለሽ ስትከራከሪ እግርሽ ይንቀጠቀጣል። ለልምምድ ከሆነ ችግር የለውም፣ ሁላችንም እንዲያ ነው የተማርነው። ሊሸጥ ለሚችል ሥራ ግን እናትሽን ወይም ጎረቤትሽን አስፈቅደሽ መስኮት አጠገብ አስቀምጪና ራስሽ አንሺ። የከሰዓት ብርሃን ከፒንተረስት ይበልጣል። ፎቶግራፈር ጓደኛ ካለሽም ጠይቂው፤ ስሙን ከጠራሽለት ብዙዎቹ እሺ ይላሉ።

ሕጉን በተመለከተ «አገራችን ምን ሕግ አለ» ያለው ወንድማችን ተሳስቷል። አለ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው። ሥዕልሽን ስትሠሪው መብቱ አብሮ ይመጣል፤ ካላስመዘገብሽ አይኖርሽም የሚል ነገር የለም። ጥበቃው ሠዓሊው በሕይወት እስካለ፣ ከዚያም ካረፈ በኋላ ለ50 ዓመት ነው። አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ሄዶ ማስመዝገብም ይቻላል፤ ጥቅሙ ማስረጃ እንዲሆንሽ ነው። ሁሉንም ሥዕል ተሸክመሽ አትሂጂ። የሚሸጥልሽን፣ ሰው የሚያውቅሽበትን ምረጪ።

ግን እዚያው አዋጅ ውስጥ ብዙ ሠዓሊ የማያውቃት ነገር አለች። በትእዛዝ የተሠራ ሥራ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በስተቀር፣ ባለቤቱ ያዘዘው ሰው ነው። አዎ፣ ያዘዘው! አንዱ ለመጽሐፉ ሽፋን አሠርቶሽ ከዓመት በኋላ ሥዕሉን ካላንደር ላይ ቢያትመው «ለሽፋን ብቻ ነበር» የምትዪው በምን ይዘሽ ነው? ስለዚህ ሌላ ስምምነት ይኑር። እኔ ገና ሥራ ሳልጀምር እንዲህ ብዬ እልካለሁ፦

«ሥዕሉ የሚያገለግለው ለመጽሐፉ ሽፋንና ለመጽሐፉ ማስታወቂያ ብቻ ነው። ለሌላ ኅትመት ካስፈለገ ለብቻው እንነጋገራለን። የቅጂ መብቱ የሠዓሊው ነው። ቀብድ ግማሽ፤ ቀሪው ትልቁ ፋይል ከመላኩ በፊት። እርማት እስከ ሁለት ጊዜ።»

«እሺ፣ ተስማምቻለሁ» ብሎ እስኪመልስ እርሳስ አላነሳም። መልሱን ስክሪንሾት አደርጋለሁ። ገንዘቡ ጠርቀም ያለ ከሆነ ወረቀት ላይ እንፈራረማለን። መጀመሪያ ላይ ደንበኛ የሚሸሽ ይመስልሽ ይሆናል። የሚሸሸው መጨረሻ ላይም የማይከፍለው ነው። ረቂቁን የምልከው አሳንሼና ስሜን አጋድሜበት ነው፤ ያ ትልቅ ዋተርማርክ ቦታው እዚህ ነው።

ዋሽንግተንና ሜሪላንድ ካሉ ወገኖች የሰርግና የቤተሰብ ሥዕል ትእዛዝ ከመጣልሽም ያው ነው። ብሩ በዘመድም በዌስተርን ዩኒየንም ይምጣ፣ ቀብዱ ቀድሞ ይግባ። የሰዓቱን ልዩነት ንገሪያቸው እንጂ። እነሱ ከሥራ ወጥተው «አንዴ ፀጉሩን ብታስተካክዪው» ሲሉሽ እዚህ እኩለ ሌሊት አልፏል።

«በነፃ ሥሪልን፣ እናስተዋውቅሻለን» ለሚሉሽ መልስ የለኝም። እኔ «ቴሌብር ይሻለኛል» እላለሁ፣ ይስቃሉ፣ ይጠፋሉ።

ሌላ ልብ እንድትዪው የምፈልገው የበዓል ሰሞንን ነው። ሥዕል በብዛት የሚሰረቀው ያኔ ነው። የየካቲት 23 ዋዜማ ስንቱ ድርጅት የዓድዋ ሥዕል ፍለጋ ይራወጣል። ጳጉሜ ላይ ደግሞ አደይ አበባ የያዘች ልጅ ይፈልጋሉ። የገጹ ኃላፊ ማታ ላይ «ነገ ጠዋት እንኳን አደረሳችሁ መውጣት አለበት» ይባላል፣ ጎግል ይከፍታል፣ ያንቺን ያገኛል፣ ስምሽን ቆርጦ የድርጅቱን ሎጎ ይለጥፍበታል። ክፋት ላይሆን ይችላል፤ ጥድፊያ ነው። ስለዚህ የበዓል ሥዕልሽን በዋዜማው አትልቀቂ። ሁለት ሦስት ሳምንት ቀድመሽ ልቀቂና ከሥሩ «ለድርጅት መጠቀም የሚፈልግ በውስጥ መስመር ያናግረኝ፣ ሎጎ አስገብቼ አዘጋጃለሁ» ብለሽ ጻፊ። ሰው የሚሰርቀው ብዙ ጊዜ መግዛት እንደሚቻል ስላላሰበ ነው። በዚህ መንገድ ያገኘኋቸው ደንበኞች በየበዓሉ ይመለሳሉ።

ቀለምን በተመለከተ የጠየቅሽው ቀላል ነው። አይፓድሽ ላይ ደምቆ ሌላ ስልክ ላይ የሚፈዝዝብሽ ካንቫሱ ዲስፕሌይ ፒ3 በሚባለው ሰፋ ያለ የቀለም ክልል ላይ ስለሆነ ሊሆን ይችላል። ለኔት የሚሆን ሥራ ስትጀምሪ አብዛኛው ስክሪን የሚያሳየውን ኤስአርጂቢ ምረጪ። ለኅትመት ሲሆን ማተሚያ ቤቱን ሲኤምዋይኬ (የኅትመት ቀለም አሠራር) ይፈልግ እንደሆነ ጠይቂ፤ የሚያበራ አረንጓዴና ሰማያዊ ወረቀት ላይ መፍዘዙ አይቀርም፣ ደንበኛውን አስቀድመሽ አስጠንቅቂው።

አሁን ወደ መርካቶው ሰውዬ። ፌስቡክ ላይ ወጥተሽ «ሌባ» ብለሽ ከመጻፍሽ በፊት ማስረጃሽን ሰብስቢ። አንድ ቲሸርት ግዢ፣ ደረሰኝ ከሰጡሽ ያዢ፣ ቻናልሽ ላይ የለጠፍሽበትን ቀን ስክሪንሾት አድርጊ፣ ባለ ሌየሩን ፋይል ስልክሽ ላይ አድርጊ። ከዚያ ከአንድ ሰው ጋር ሆነሽ ሂጂ፤ ብቻሽን አትሂጂ። ረፋድ ላይ ይሁን፣ ቅዳሜ ገበያ ሲደምቅ ማንም አይሰማሽም። የምትዪው አጭር ነው፦ «ይህ የኔ ሥራ ነው፤ ማስረጃው ይኸው። ወይ አቁሙ፣ ወይ ተስማምተን ሽጡ።» ማን እንዳተመላቸውም ጠይቂ። ሱቁ ብዙ ጊዜ ቸርቻሪ ነው፤ ፋይሉ ያለው አታሚው ጋ ነው። እምቢ ካሉ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ሄደሽ አማክሪ። ኢንስታግራም ላይ የሚሸጡት ከሆነ ደግሞ የቅጂ መብት ሪፖርት ማድረጊያ ፎርም አለ፤ ዋናውን ፖስትሽን ሊንክ አያይዘሽ ሙዪው። የፒንተረስቷን ፊት ነገር ግን አትርሺ፤ እሷን ሳታጠሪ ሪፖርት ውስጥ አትግቢ።

ታብሌቱን በተመለከተ፣ አይፓዱ የእህትሽ ከሆነና መመለስሽ ካልቀረ፣ ላፕቶፕ ካለሽ ስክሪን የሌለው የዋኮም መሣያ ታብሌት ይበቃሻል። ክሪታ የሚባለው የመሣያ ፕሮግራም ነፃ ነው። እጅሽ እዚህ፣ ዓይንሽ እዚያ መሆኑን ለመልመድ ትንሽ ያናድዳል፣ ከዚያ ይረሳል። ሁለተኛ እጅ ስትገዢ ብዕሩን ሞክሪ፤ ጫናውን ካልለየ፣ ማለትም ስትጫኚው መስመሩ ካልወፈረ፣ ጥለሽው ውጪ።