«እስቲ እናያለን» ማለት «አይሆንም» ሲሆን

ጥያቄ፦ ከተጋባን ሁለት ዓመት ሆነን። ባለቤቴ ያደገችው በሌላ አገርና በሌላ ቋንቋ ነው፤ አሁን የኛን ቋንቋ አቀላጥፋ ትናገራለች። እናቴ ግን «አፏ ለከት የለውም፣ ትንቀኛለች» ትላለች። ባለቤቴ ደግሞ «እናትህ የሚፈልጉትን በግልጽ አይነግሩኝም፣ ኋላ ያኮርፋሉ» ትለኛለች። እኔ መሀል ሆኜ የአንዷን ቃል ለሌላዋ እያለዘብኩ አደርሳለሁ። ሰለቸኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ከደብዳቤዎ ውስጥ ዓይኔ ያረፈው «እያለዘብኩ» በምትለው ቃል ላይ ነው። ቆይቼ እመለስባታለሁ።

አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ኤድዋርድ ሆል እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተመው ሥራው የባህሎችን አነጋገር በአንድ ጥያቄ መርምሯል፦ መልእክቱ ያለው በተነገረው ቃል ውስጥ ነው ወይስ በዙሪያው፣ ማለትም በቃናው፣ በዝምታው፣ በተናጋሪዎቹ ዝምድና? ሰምና ወርቅ ለለመደ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ባለቤትዎ ሰሙን ይሰማሉ፤ ወርቁ ግን አይደርሳቸውም። አቀላጥፈው መናገራቸው ደግሞ ነገሩን አባብሶታል። የሚንተባተብ እንግዳ ሲሳሳት «አላወቀም» ተብሎ ይታለፋል፤ አቀላጥፎ የሚናገር ሲሳሳት «ንቆኝ ነው» ይባላል።

እናትዎ ቅዳሜ እንዲመጡ ሲጋበዙ «እስቲ እናያለን» ካሉ፣ አይመጡም። ባለቤትዎ ግን ቀኑን ይዘው ይጠብቃሉ። ባለቤትዎ «ቅዳሜ አልችልም» ሲሉ ደግሞ እምቢ ያሉት ቅዳሜን ብቻ ነው፤ እናትዎ ጆሮ የሚደርሰው «አንቺን አልፈልግም» የሚል ነው።

ዝምታም አለ። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ አሥር ቋንቋዎችን ያነጻጸረ ጥናት፣ በጥያቄና በመልስ መካከል ያለው ክፍተት በአማካይ የሰከንድ አንድ አምስተኛ ያህል እንደሆነ፣ ከቋንቋ ቋንቋ ያለው ልዩነትም የሰከንድ ቁራጭ ብቻ እንደሆነ አሳይቷል። ያቺ ቁራጭ ግን ትሰማለች። ፈጥኖ የሚመልሰው «ያቋርጣል»፣ የሚዘገየው «ያኮርፋል» ይባላል። ስለዚህ ባለቤትዎ እናትዎ ተናግረው ሲያበቁ በልባቸው እስከ ሁለት ይቁጠሩ። ብዙ ጊዜ ዋናው ነገር የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ማለዘቡ። ባለቤትዎ «አልችልም» ያሉትን እርስዎ «ደስ ይላታል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ይሁን» ብለው ሲያደርሱ፣ እናትዎ የሚቀጥለውን ሳምንት ይጠብቃሉ። ሳይሆን ሲቀር ባለቤትዎ ባልሰጡት ቃል ቃላባይ ይሆናሉ። እርስዎ የሰላም ሥራ የሠሩ ይመስልዎታል፤ በእኔ እይታ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ሁለቱም እንዳይማማሩ የከለከላቸው ይኸው ነው።

ከባለቤትዎ ጋር እናትዎ በሌሉበት ግማሽ ሰዓት ይቀመጡ። ከሦስት አባባል በላይ አይምረጡ፤ አሥር ቢደረድሩ አንዱም አይያዝም። ለእያንዳንዱ የተባለውን፣ የተፈለገውን፣ ተገቢውን መልስ ጎን ለጎን ይጻፉ። እምቢታን በተመለከተ ቅደም ተከተሉን ብቻ መቀየር ይበቃል፦ መጀመሪያ ምክንያቱ፣ ቀጥሎ የሚቻልበት ቀን፣ «አልችልም» በመጨረሻ። «ቅዳሜ ሥራ እገባለሁ፤ እሑድ ከሰዓት ብመጣስ? ቅዳሜ አልችልም ብዬ ነው።» ውሸት የለበትም፤ ልዝቡም ከራሳቸው አፍ ወጣ። እምቢታ በጽሑፍ መልእክት አይላክ፣ ይደወል፤ ቃና የሌለው ጽሑፍ እናትዎን ይበልጥ ያስከፋል።

ለእናትዎ «በነሱ ባህል እንዲህ ነው» አይበሉ። ያ አባባል ምራታቸውን ዕድሜ ልክ እንግዳ ያደርጋታል። «እማዬ፣ አልችልም ስትል ቀኑን ነው እንጂ አንቺን አይደለም» ይበቃል። ከእናትዎ የሚለምኑትም አንድ ነገር ብቻ ይሁን፦ በእርግጥ የሚፈልጉት ነገር ሲኖር ቀኑንና ሰዓቱን ጠርተው ይንገሯት። ሌላውን አነጋገራቸውን በዚህ ዕድሜ ቀይሪ ማለት አያዋጣም።

ልክ ማለፍም አለ። ባለቤትዎ የእናትዎን ቃና ቢቀዱ ማሾፍ ይመስላል። እናትዎም ለማስረዳት ብለው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እንደ ሕፃን ቃል በቃል ቢያናግሯቸው ስድብ ይመስላል። ሁለቱም ትንሽ ትንሽ ይጠጉ፤ አንዷ ጨርሳ ወደ ሌላዋ አትሂድ።

ሁሉንም ለባህል እንዳይሰጡ ደግሞ ይህን ያስተውሉ፦ ባለቤትዎ ከራሳቸው ቤተሰብም ጋር በዚሁ ቃና ይጣላሉ? ከሆነ ጉዳዩ የጠባይ ነው፣ ምክሩም ሌላ ይሆናል። ስድብ፣ ማላገጥና በሰው ፊት ማዋረድ ግን ከየትኛዋም ወገን ቢመጣ በባህል አይሸፈንም፤ ያኔ መሀል ገብተው ያስቁሙ።

ከመሀል ሲወጡ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግጭቱ ሊጨምር ይችላል፤ ያን አይተው ወደ ቀድሞው እንዳይመለሱ። «ምን ማለታቸው ነው?» ሲባሉ ትርጉሙን ይንገሩ። «እንዲህ በልልኝ» ሲባሉ ግን ስልኩን ለራሷ ይስጧት።