ከጅማ ወደ ሳነቴ፦ ስለ ተራራ ጉዞ ዝግጅት ለአንባቢያን ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ጥያቄ፦ የጅማ ከተማ፣ የፈረንጅ አራዳ ነዋሪ ነኝ። በአንድ መሥሪያ ቤት የምንሠራ ስድስት ጓደኛሞች በመጪው ጥር አስጎብኚ ይዘን ወደ ባሌ ተራሮች ለመሄድ አስበናል። ዕቅዳችን አርብ ጎባ አድረን፣ ቅዳሜ በመኪና ሳነቴ ወጥተን፣ የተራሮቹን ከፍተኛ ጫፍ ቱሉ ዲምቱን ረግጠን፣ እዚያው አካባቢ በድንኳን ካደርን በኋላ ሁለት ቀን በእግር ተጉዘን መመለስ ነው። ሁላችንም ጤነኞች ነን፤ እኔማ በየማለዳው እሮጣለሁ። ለመሆኑ እኛ ደገኞች አይደለንም? ከፍታው ይህን ያህል ሊያሳስበን ይገባል? ምን ምንስ ብናዘጋጅ ይሻላል?

መልስ፦ እኔን ያሳሰበኝ የቀን አደላደላችሁ እንጂ ጉልበታችሁ አይደለም። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። የጎባ ከፍታ 2,700 ሜትር ገደማ፣ የሳነቴ አምባ ደግሞ 4,000 ሜትር ያህል ሲሆን ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ይደርሳል። በአየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ ቆላም ሆነ ደጋ ያው 21 በመቶ ነው፤ ወደ ላይ በወጣን ቁጥር የሚቀንሰው የአየሩ ግፊት ነው። በጅማ ያለው ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 80 በመቶ ያህሉ ነው፤ በቱሉ ዲምቱ ጫፍ ግን ወደ 60 በመቶ ይወርዳል። ሰውነት ይህን ጉድለት መልመድ የሚችል ቢሆንም ለመልመድ ቀናት ያስፈልጉታል፤ እናንተ የሰጣችሁት ግን አንድ ሌሊት ብቻ ነው።

ሩጫዎ ዳገቱ ላይ እግርዎን ያግዘዋል፤ ከከፍታ ሕመም ግን አያድንዎትም። እንዲያውም ጠንካራው ሰው ከሁሉ ቀድሞ እየፈጠነ ስለሚወጣ፣ ማታ ራሱን ይዞ የሚተኛው እሱ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ስለ ደገኛነት ያነሡትም ጥያቄ መሠረት የሌለው አይደለም። በሰሜን ተራሮች አካባቢ በ3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎች በጥናት ታይተው፣ የደማቸው የሄሞግሎቢን (በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ንጥረ ነገር) መጠንና የኦክስጅን ሙሌት በቆላ ከሚኖሩ ሰዎች ብዙም እንደማይለይ በ2002 እ.ኤ.አ. ታትሟል። በባሌም ፊንጫ ሀበራ በተባለው ዋሻ፣ በ3,469 ሜትር ላይ፣ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመታት በፊት ሰዎች ይኖሩ እንደነበርና ዋነኛ ምግባቸውም ትልቁ ፍልፈል እንደነበር ተመራማሪዎች ደርሰውበታል። ይህ ሁሉ ግን እዚያው ተወልዶ ያደገውን ይመለከታል እንጂ በ1,780 ሜትር ላይ ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ የሚውለውን አይመለከትም።

ስለዚህ ቀኑን እንዲህ ቢያደላድሉት እመክራለሁ። መጀመሪያ 3,100 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው በዲንሾ፣ በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና መሥሪያ ቤት አካባቢ፣ ሁለት ሌሊት ይደሩ፤ በመካከሉ ባለው ቀን ከፍ ወዳለ ቦታ ቀስ ብላችሁ ወጥታችሁ ለማደር ወደ ታች ትመለሳላችሁ። ከዚያ በ3,500 ሜትር አካባቢ ወደሚገኘው ወይብ ሸለቆ በእግር ተጉዛችሁ ታድራላችሁ፤ ሳነቴ ከዚህ በኋላ ይደርሳል። ሐኪሞች የሚሰጡት አጠቃላይ መመሪያ ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታ ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ እንዳይጨምርና በየሦስት ወይም በየአራት ቀኑ አንድ የዕረፍት ቀን እንዲኖር ነው። ለዚህ የሚበቃ ፈቃድ ካላገኛችሁ ሳነቴን በመኪና ጎብኝታችሁ፣ በዚያው ቀን ወርዳችሁ ዲንሾ ወይም ጎባ እደሩ። ይህ የሚያሳፍር ጉዞ አይደለም፤ ቀይ ቀበሮውም ቢሆን ከመኪና መንገዱ ዳር ይታያል።

የከፍታ ሕመም ከፍታው ላይ ከደረሱ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ የሚጀምር ራስ ምታት ሲሆን፣ ማቅለሽለሽ፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ ድካምና እንቅልፍ ማጣት አብረውት ይመጣሉ። ራሱን ያመመው ሰው ባለበት ከፍታ ይረፍ እንጂ እስኪሻለው ድረስ ወደ ላይ አይቀጥል። አደገኞቹ ምልክቶች ግን ሌሎች ናቸው። ሰውየው የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው ጣት ጋር እያገጣጠመ ቀጥ ባለ መስመር መራመድ ካቃተው፣ ንግግሩ ከተዛባ፣ ወይም ቁጭ ብሎ እያረፈ እንኳ ትንፋሽ ካጠረውና አረፋ ያለው አክታ ካስሳለው፣ ሌሊትም ቢሆን ሰው አብሮት ወዲያውኑ መውረድ አለበት። በባሌ ጓዝ የሚጫነው በፈረስ ስለሆነ፣ በችግር ጊዜ ሰው የሚጫንበት አንድ ትርፍ ፈረስ እንዲኖር አስቀድማችሁ ተስማሙ። በአካባቢው ሪፈራል ሆስፒታል ያለው ጎባ ነው።

አስጎብኚውን በስልክ ስታነጋግሩ ስለ ዋጋ ብቻ አትጠይቁ። በየሌሊቱ የምታድሩበት ቦታ ከፍታው ስንት እንደሆነ፣ አንድ ሰው ቢታመም ማን ይዞት እንደሚወርድና የቀሩት ከማን ጋር እንደሚቆዩ፣ ፈረስ ጫኞቹ የራሳቸው ድንኳንና ብርድ ልብስ እንዳላቸው ጠይቁ። የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ እንግዳው በስሊፒንግ ባግ ተጠቅልሎ ጫኙ በጋቢ ብቻ ውርጭ ላይ ሲያድር ማየት ግን ደስ አይልም። ደግሞም የሚሰማችሁን አትደብቁት። ለጓደኞቹ ጉዞ እንቅፋት ላለመሆን ሲል ራስ ምታቱን ዋጥ አድርጎ የሚሄድ ሰው የአስጎብኚውን ሥራ እጅግ ያከብደዋል።

ልምምዱን ከስምንት ሳምንት በፊት ጀምሩ። ጅማ ለዚህ የምትመች ከተማ ናት፦ ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚወስደውን ዳገት ቅዳሜና እሑድ ጓዝ በጀርባ አዝላችሁ፣ እየተጨዋወታችሁ መሄድ በምትችሉበት እርምጃ ውጡት። ቁልቁለቱንም በእግር ውረዱት እንጂ ባጃጅ አትጥሩ፤ ጭንና ጉልበትን የሚጎዳው መውረዱ ነውና። አዲስ ጫማ የገዛ ሰው እግሩ ውኃ የሚቋጥር መሆን አለመሆኑን የሚያውቀው እዚሁ ዳገት ላይ ነው። የሳነቴ ሜዳ በፍልፈልና በአይጥ ጉድጓድ የተበሳሳ ስለሆነ ቁርጭምጭሚትን ደግፎ የሚይዝ ጫማ ያስፈልጋል።

በጥር ቀኑ ፀሐያማ ነው፤ ሌሊቱ ግን ከዜሮ በታች በብዙ ዲግሪ ይወርዳል። ስለዚህ ከአንድ ወፍራም ካፖርት ይልቅ ተደራርበው የሚለበሱ ልብሶች ይሻላሉ፤ ጥሩ የሱፍ ሹራብ ደግሞ ከሳልባጅ ተራ በርካሽ ይገኛል። ድንኳን ውስጥ የምታስቀምጡትን የውኃ ጠርሙስ ክዳኑን በደንብ አጥብቃችሁ በአፉ ድፉት፤ ውኃው መርጋት የሚጀምረው ከላይ ስለሆነ፣ ጠዋት ስታቀኑት በረዶው በጠርሙሱ መቀመጫ በኩል ይቀርና አፉ ክፍት ሆኖ ይገኛል። የስልክ ባትሪ አብሯችሁ ይተኛ። ለስንቅ በሶና ጭኮ ይዛችሁ ሂዱ፤ ለማብሰያ ደግሞ ቡታጋዝ እንጂ ከተራራው የሚለቀም የአስታ ቁጥቋጦ እንጨት አይሁን።

አሴታዞላማይድ የሚባለው መድኃኒት ሰውነት ከፍታን ቶሎ እንዲለምድ ያግዛል። ለመከላከያ የሚታዘዘው አብዛኛውን ጊዜ 125 ሚሊግራም በቀን ሁለቴ፣ መውጣት ከሚጀመርበት ዋዜማ አንሥቶ ነው። ጣት ያደነዝዛል፤ ሽንት ያበዛል፤ ሰልፋ ለሚባሉት መድኃኒቶች አለርጂ ላለበት ሰውም ላይስማማ ስለሚችል ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይወሰድ።

ጥያቄ፦ ለእንዲህ ዓይነቱ ጉዞ ቡና ማቆም ያስፈልጋል፣ ሰውነትን ያደርቃል ተባልኩ። የጅማ ልጅ ሆኜ እንዴት ይቻለኛል? ጫትስ?

መልስ፦ ቡናዎን አያቁሙ። በቀን ሦስት አራት ስኒ የለመደ ሰው በድንገት ሲያቋርጥ ራሱን ያመዋል፤ ይህ ራስ ምታት ከከፍታ ሕመም ራስ ምታት ጋር ስለሚመሳሰል አስጎብኚውንም እርስዎንም ያሳስታል። በለመዱት መጠን ይጠጡ፤ ከሰዓት በኋላ ብቻ ይቀንሱ፤ ውኃም በተጨማሪ ይጠጡ። ጫት ግን ሌላ ነገር ነው። የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ እንቅልፍ ይነሣል፤ ሦስቱም ከፍታው ራሱ የሚያመጣቸው ችግሮች ናቸውና አይደራረቡ። አልኮልና የእንቅልፍ ኪኒንም እንዲሁ ይቅሩ።

ጥያቄ፦ የ63 ዓመት እናቴ የደም ግፊት አለባቸው፤ መድኃኒታቸውን በሥርዓት ይወስዳሉ። ከእኛ ጋር ሳነቴን ማየት ይፈልጋሉ። ልውሰዳቸው ወይስ ይቅሩ?

መልስ፦ ዕድሜያቸው ብቻውን አይከለክላቸውም፤ ወሳኙ ግፊቱ በመድኃኒት መስተካከሉ ነው። ከጉዞው ሁለት ሳምንት በፊት ሐኪማቸው ጋር ይውሰዷቸውና የሚወጡበትን ከፍታ በቁጥር ይንገሩት። የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ካለባቸው ግን ይቅሩ። ሐኪሙ ከፈቀደ ከድንኳኑ ጉዞ ይለዩአቸው፤ ጎባ ሁለት ሌሊት አድረው በሦስተኛው ቀን በመኪና ይውጡ፣ አምባው ላይ ከአንድ ሁለት ሰዓት በላይ ሳይቆዩ ይመለሱ። መድኃኒታቸውንና የግፊት መለኪያውን በእጅ ቦርሳቸው ይያዙ እንጂ ከጓዝ ጋር ፈረስ ላይ አይጫን።